ከተራራው ማዶ የቀሩት ካስማዎች

«ግፉ! ጭራዋን ከፍ አድርጉልኝ እንጂ! አምሳ አለቃ፣ እየገፋህ ነው ወይስ ተደግፈሃት ነው?»

መካኒኩ ጋሽ ብሎን ይህን የሚጮኸው ከግራው ክንፍ ሥር ነበር። የጦሩ ግምጃ ቤት ኃላፊ አምሳ አለቃው ጭራዋን ተሸክሟል፤ እኔ በቀኝ በኩል የክንፉን ምሰሶ ይዤ እገፋለሁ። አውሮፕላናችን ጥንቸል ከማደሪያዋ ከሃንጋሩ ወጥታ በደረቀው ሜዳ ላይ እየተንገጫገጨች ታዘግማለች። ከኋላችን ወታደሮች የጥይት ሣጥን ከካሚዮን እያወረዱ እኛ ወደለቀቅነው ቤት ያስገባሉ። ትእዛዙ የመጣው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ጦርነቱ አለቀ ቢባልም ጥይቱ አላለቀም፤ ጣሪያ የሚያስፈልገው ከአውሮፕላን ይልቅ ለባሩድ ነው ተባለ፤ እኛም ወጣን።

ጥንቸል ብሎ ስም ያወጣላት ሻምበል ነው፤ ባሌ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ሻምበል እለው ነበር። መሬት ስትነካ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ዘለል ዘለል ትላለች። ጓደኞቹ «የምትዘለው እሷ አይደለችም፣ አንተ ነህ» ሲሉት፣ «እኔ ጋላቢ ነኝ፤ የእንስሳዋን ጠባይ ምን ላድርገው?» ይላቸው ነበር። ባለሁለት ወንበር ናት፤ ከፊት ሰው ወይም የፖስታ ከረጢት፣ ከኋላ አብራሪው። አጥንቷ እንጨት፣ ቆዳዋ ጨርቅ ነው። ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የመንግሥት ፖስታ የክንፍ ሰፊ አድርጎ የቀጠረኝ ሻምበል ሳያገባኝ በፊት ነበር፤ ሰው «መርፌ» የሚለኝም ከዚያ ጀምሮ ነው።

ሜዳው መሐል ስንደርስ ጋሽ ብሎን እጁን አነሣ። «በቃ፣ እዚህ። አፍንጫዋን ወደ ተራራው አዙሯት። ነፋሱ የሚመጣው በዚያ በር ነው።»

አዞርናት። ከዚያ ሦስታችንም እጃችንን አንጠልጥለን ቆምን። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፣ የተናገረው ግን አምሳ አለቃው ነው።

«ካስማዎቹስ?»

ሻምበል በየሄደበት ይዟቸው የሚዞር ሦስት ካስማዎች ነበሩት። ራሱና ጋሽ ብሎን ከካሚዮን ብረት ቀጥቅጠው የሠሯቸው፣ እንደ አጋዘን ቀንድ የተጠመዘዙ ናቸው። አናታቸው ላይ ዘንግ አስገብተው ሲያዞሯቸው መሬቱን እየበሱ ይገባሉ። ሁለቱ ለሁለቱ ክንፍ፣ አንዱ ለጭራ። ከወንበሩ ሥር ሣጥን አላቸው። ሣጥኑን ከፈትኩት፤ ባዶ ነበር። ገመዶቹም የሉም።

ያኔ ገባኝ። በመጨረሻው ጉዞው ከተራራው ማዶ፣ እናቱ ዘንድ አድሮ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ልጃችንን የላክናት እዚያ ነው። ሲመለስ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ነበር። ጥንቸሏን ደህና አድርጎ አሳረፋት፤ ሲወርድ ግን እግሩ ከዳውና ጋሽ ብሎን ደግፎ ቤት አስገባው። ከአልጋው አልተነሣም። እኔ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ስዳብስ፣ ጥንቸሏ ሃንጋር ውስጥ ገብታ ስለነበር ካስማ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ከማዶ ሲነሣ ገመዶቹን ፈትቶ ካስማዎቹን ከነገመዳቸው እዚያው ትቷቸው ነው የመጣው። መንቀያ አቅም አጥቶ።

ልጄ አባቷ መሞቱን አታውቅም። አያቷም አታውቅም። የስልክ እንጨቶቹን በጦርነቱ ጥለዋቸዋል፣ ድልድዩን ወንዙ ወስዶታል። ከዋናው ፖስታ ቤት የመጣልኝ ቴሌግራም አጭር ነበር፤ አዲስ አብራሪ በባቡር እየመጣ ነው፤ አውሮፕላኑ ደህና ከሆነ የተራራው መሥመር ይቀጥላል፤ ካልሆነ ክረምቱ እስኪወጣ ይዘጋል፣ ፖስታውም በእግረኛ ይሄዳል ይላል። እግረኛ ደግሞ ከፖስታው ጋር ወሬ ይዞ ነው የሚሄደው። ልጄ የአባቷን ሞት ከእንግዳ አፍ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ውሃ ከሚጠይቅ ሰው እንድትሰማ አልፈለግሁም። ከዚያ በቀር በዚያ ሰሞን የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

በተራራው በር ላይ ደመናው እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ነበር።

«ነገ ማታ ሳይሆን አይቀርም» አለ ጋሽ ብሎን እያሸተተ። «ክረምቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚልከው ነፋሱን ነው።»

አምሳ አለቃው ደረቱን ነፋ። «ካስማ ነው ያጣችሁት? እኔ እያለሁ? ግምጃ ቤቴ ሙሉ ካስማ ነው! የጄኔራሉን ድንኳን ሦስት ዓመት ሙሉ የያዘ ብረት።»

«ጄኔራሉ ክንፍ የለውም» አለው ጋሽ ብሎን።

«አንተ ሽማግሌ፣ አፍህን ያዝ። ድንኳን ነፋስ አያውቅም ነው የምትለው?»

«ድንኳን ነፋስ ሲመጣ መውደቅ ነው የሚያምረው። ይቺ ግን መነሣት ነው የለመደችው። ስሚኝ እትዬ መርፌ፣ ካስማ ምናምኑን ተይው። በርሜሎች አሉኝ። ድንጋይ ሞልተን በየክንፉ ሥር እንገትራለን፣ ሥራው አለቀ።»

የበርሜሉ ነገር ለአፍታ አማረኝ፤ ቁፋሮ የለውም። ግን በዚያች አውሮፕላን ሻምበል እኔን ከፊት አስቀምጦ፣ እግሬ ሥር የፖስታ ከረጢት ጠቅጥቆ የወሰደኝ ቀን ትዝ አለኝ። እንደ ላባ ነበር ያነሣችን።

«ጋሽ ብሎን፣ ሁለት ሰውና ሙሉ ፖስታ ይዛ ደመና የምትገባ፣ በርሜልህን ትታ የምትሄድ ይመስልሃል? አንጠልጥላው ነው የምትነሣው። ከዚያ በርሜሉ ክንፏን ይዞ ይወርዳል።»

ጋሽ ብሎን ጢሙን ጎተተ። ሲሸነፍ የሚያደርገው ነው። «እሱስ ልክ ነሽ። እሺ፣ የጄኔራሉን ካስማ እንየው።»

አምሳ አለቃው ካስማውን አምጥቶ በመዶሻ እስከ አንገቱ ቀበረው። መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ ስለነበር ብረቱ ሲገባ ይጮኻል። መያዙን ለማየት ጋሽ ብሎን አንድ ረጅም አጣና በበርሜል ላይ አጋደመና አንዱን ጫፍ ከካስማው ጋር አሰረ። «በል፣ የመንግሥት ቀለብ የበላ ሰው ሌላኛው ጫፍ ላይ ይንጠልጠል» አለ። አምሳ አለቃው ሆዳም ብቻ ሳይሆን ሆድ ያለውም ሰው ነበር። ተንጠለጠለ። አጣናው ጎበጠ፣ ካስማው ግን ንቅንቅ አላለም።

«አላልኳችሁም!» አለ እግሩን እያወዛወዘ። «ተራራ ነው እኮ!»

ጋሽ ብሎን እንኳ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። እኔ ግን ዓይኔ ወደ ቤታችን ጓሮ፣ ወደ ልብስ ማስጫዬ ሄዶ ነበር። የማስጫዬ ምሰሶ በበጋ ሰው ቢደገፈው አይነቃነቅም፤ ክረምት በገባ በሳምንቱ ግን ከነልብሱ ጭቃ ላይ ይተኛል። በየዓመቱ ሻምበል እየተቆጣ ያቆመዋል፣ በየዓመቱ ይወድቃል።

አንድ ባልዲ ውሃ አምጥቼ በካስማው ዙሪያ አፈሰስኩ።

«ምን መሆንዎ ነው እመቤት? አበባ ነው እንዴ የሚያጠጡት?» አለ አምሳ አለቃው።

«ነገ እግዜር ሊያጠጣው አይደል? ትንሽ ጠብቅና ድገምልኝ።»

ሌላም ባልዲ ጨመርኩ። አፈሩ ውሃውን ጠጥቶ እንደ ገንፎ መለስለስ ሲጀምር አምሳ አለቃው እየሣቀ ዘሎ ተንጠለጠለ። ካስማው ከሊጥ ውስጥ እንደሚወጣ ጣት ሹልክ ብሎ ወጣ። አምሳ አለቃው በቂጡ መሬት ላይ ዘጭ አለ፣ አጣናውም ኮፍያውን ጠልፎ ወረወረው።

ጋሽ ብሎን እስኪያነባ ሣቀ። «ተራራው ወረደ!» አለ። እኔም ሣቅሁ። ሻምበል ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሣቄ ሲያልቅ ዘወር ብዬ አብሮኝ የሚሥቀውን ሰው ፈለግሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ።

«ቀጥ ብሎ የገባ ቀጥ ብሎ ይወጣል» አለ ጋሽ ብሎን ዓይኑን እየጠረገ። «ጠምዛዛ ለመቀጥቀጥ ደግሞ ጊዜውም ከሰሉም የለም። አግድም የሚተኛ ነገር ነው የምንፈልገው። ግንድ እንቅበር። ሊወጣ ሲል የላዩን አፈር ሁሉ ተሸክሞ ይውጣ።»

ከመንገዱ ዳር የወደቀ የስልክ እንጨት ነበር። ሦስት ቦታ ቆረጥነው። ድሮ የተራራውን ማዶ ድምፅ የሚያመጣልን ያ እንጨት ነው። ለሦስቱም ጉድጓድ ስንቆፍር ላዩን በድጅኖ መስበር ነበረብን፤ ከሥር ግን ቀይ፣ ድፍን፣ ጠንካራ አፈር አገኘን። ጋሽ ብሎን ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ በጎኑ በኩል፣ ወደ ጥንቸሏ አቅጣጫ፣ ግድግዳውን እንደ ቀበሮ ዋሻ ይቦረቡረዋል። ግንዱ የሚተኛው ያልተነካው መሬት ሥር እንጂ እኛ በመለስነው ልል አፈር ሥር አይደለም። የካሚዮን ሰንሰለት በግንዱ ወገብ ዙሪያ አስረን ጫፉን ወደ ላይ አወጣን። አፈሩን ጥቂት ጥቂት እየመለስን በመርገጫ እንጨት ጠቀጠቅን።

ሁለተኛውን ግንድ ስንቀብር አካፋዬን አቆምኩ። አፈር በእንጨት ላይ ሲወድቅ ያለውን ድምፅ በቅርቡ ሰምቼው ነበር። ጋሽ ብሎን አየኝና አካፋውን ከእጄ ወሰደ። «ውሃ አምጪልኝ» አለኝ ብቻ። እኔ ስመለስ ሦስተኛውንም ጨርሶት ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ብሎን አዲሱን አብራሪ ሊያመጣ ካሚዮኑን በማኖቤላ፣ በመዘወሪያው ብረት አዙሮ አስነሣ። ሲሄድ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «ገመዱን አንቺው እሰሪ። የሞተር እንጂ የገመድ ሰው አይደለሁም፤ ገመድ የሻምበልና የትንሿ ልጅሽ ሥራ ነበር» አለኝ። አምሳ አለቃውም ጥይቱን ሊቆጥር ገባ። ሜዳው ላይ እኔና ጥንቸሏ ቀረን።

ገመዱ አዲስ የቃጫ ገመድ ነው፤ ፖስታ የሚታሰርበት። ከክንፉ ቀለበት ወደ ሰንሰለቱ አወረድኩትና እግሬን መሬት ተክዬ ሳብኩ። የክንፍ ሰፊ ነኝ፤ እጄ የሚያውቀው መወጠርን ነው። ጨርቅ ከላላ ነፋስ ይገባበታል፣ ነፋስ ከገባበት ይቀደዳል። ገመዱን በጣቴ ስመታው እንደ ክራር እስኪጮህ ወጠርኩት። ሻምበል ይህን ቢያይ ይሥቅብኝ ነበር፤ «አንቺ ስታስሪ አየርም አይተነፍስ» ይለኝ ነበርና። በመጨረሻ ወደ ኋላ ወንበር ወጥቼ፣ ነፋስ እንዳያናውጠው መሪውን በራሱ በሻምበል የሱሪ ቀበቶ ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። ቀበቶው በለመደው ቀዳዳ ላይ ረግቦ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ።

ነፋሱ የመጣው ሳይጨልም ነው። መጀመሪያ አቧራ፣ ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ ሰማዩ እንዳለ ወረደ። በመስኮት ቆሜ ሳይ ጥንቸሏ ክንፎቿን ትነቀንቃለች እንጂ ካለችበት ፈቀቅ አላለችም። ግንዶቹ ይዘዋል። «ተመስገን» ብዬ ልቀመጥ ስል ሌላ ድምፅ ሰማሁ። እንጨት ሲያቃስት።

ነጠላዬን በራሴ ላይ ጠምጥሜ ሮጥኩ። ዝናቡ ፊት ይገርፋል። በቀኙ ክንፍ ሥር ስደርስ ምሰሶው ሲጢጥ ይላል፤ ከቀለበቱ አጠገብ ስፌቴ ተተርትሮ ነጭ ነጭ ክር አውጥቷል። ነፋሱ እየነቀላት መሰለኝ። ገመዱ ላልቶ ነው ብዬ የበለጠ ልስበው ያዝኩት፤ እንደ ብረት ደርቋል። ጣቴን ባስገባ አልገባም። እንደዚያ አድርጌ አላሰርኩትም ነበር። ነፋሱ ለአፍታ ጋብ ሲል እንኳ ክንፉ ወደ ታች እንደተጎተተ ነው። የሚሰብራት ነፋሱ አልነበረም። ገመዱ ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ እየተኮማተረ።

እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆሜ አንድ ነገር ታየኝ። ጥንቸሏ ውጭ በምታድርበት ጊዜ ሁሉ ሻምበል ገመዱን ካሰረ በኋላ ልጃችንን ይጠራታል። «ነይ የኔ መለኪያ» ይላታል። እሷ እጇን ጨብጣ በገመዱና በካስማው መካከል ታሾልካለች። ካለፈ «ደህና እደሪ ጥንቸል» ብለው ሁለቱም ይሥቃሉ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ሳያቸው ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። «እራት ቀዝቅዟል፣ ጨዋታችሁን ጨርሱ» እላቸው ነበር።

በነፋስ ውስጥ የታሰረ ነገር ማላላት ከባድ ነው። እጅ እንቢ ይላል። ቋጠሮውን ስነካ ሁሉ ጥንቸሏ ከእጄ ሾልካ ተራራው ላይ ስትከሰከስ ይታየኛል። ገመዱ አብጦ ቋጠሮው አልፈታ ሲለኝ ከኪሴ ወስፌዬን አውጥቼ፣ በዚያ ፈልቅቄ፣ በጥርሴም ይዤ ፈታሁት። ክንፉ እፎይ ብሎ ሲነሣ፣ ሰንሰለቱ ሲከርርና ግንዱ ከሥር ሲይዘው በመዳፌ ተሰማኝ። የራሴን እጅ ጨብጬ መጠኑን ለካሁ፤ የልጅ እጅ አይደለም፣ ግን ሌላ አልነበረኝም። ግራውንም እንዲሁ። ጭራውንም። ስጨርስ ጎማዋ ሥር ተቀመጥኩ። ቤት ብገባም የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ነፋሱ እስኪወጣለት ድረስ ጥንቸሏ ከላዬ ከፍ ዝቅ ስትል፣ ገመዶቹ ሲላሉና ሲወጠሩ ሰማሁ።

ጠዋት ካሚዮኑ መጣ። አዲሱ አብራሪ ወጣት መቶ አለቃ ነው፤ ጭቃው ጫማውን እንዳይነካ እየመረጠ ይረግጣል። በጥንቸሏ ዙሪያ ዞረ። አምሳ አለቃው ከኋላው እየተከተለ «እኔ ነኝ በክብደቴ የሞከርኩት» ይለዋል። መቶ አለቃው ገመዱን ነካ አድርጎ ወደኔ ዞረ።

«ስፌቱ ቀኝ በኩል ተተርትሮ ነበር።»

«ሰፍቼ ሙጫ ቀብቼዋለሁ። ደርቋል።»

«ለመብረር ዝግጁ ናት እንግዲህ። ፖስታውን አምጡልኝ።»

«መቶ አለቃ፣ ከፊት እኔ ልቀመጥ።»

መቶ አለቃው ደንቡን ሊነግረኝ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መሪው ላይ የታሰረውን ቀበቶ አየ። ፈትቶ ጠቀለለና በእጄ ላይ አኖረው።

«ከረጢቱን ጭንዎ ላይ መያዝ አለብዎት» አለ።

ተራራውን ስንሻገር ከታች የወደቁ የስልክ እንጨቶች ይታዩኝ ነበር፤ እንደ ተበተነ ክብሪት። የማዶው ሜዳ ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። ከሜዳው ዳር ቆማለች፣ ትከሻዋ ላይ የተጠቀለለ ገመድ አለ። እጇን አነሣች። ጥንቸሏ ወረደች፣ ጎማዋ መሬት ነካ፤ አንድም ጊዜ ሳትዘል ቀጥ ብላ ሮጠች። ልጄ ያነሣችውን እጅ ቀስ ብላ አወረደች።

ሦስቱ ካስማዎች እንደተተከሉ ነበሩ። በዙሪያቸው ያለው ሣር ተነቅሏል፣ ብረታቸው ዝገቱ ተፍቆ ያበራል። መቶ አለቃው በመካከላቸው አቆማትና መነጽሩን አወለቀ። ልጄ እሱን አየችው፣ ከዚያ እኔን። እኔ ከነከረጢቱ እየተደናቀፍኩ ወረድኩ።

«የኔ ልጅ፣ ነይ እስቲ ወደኔ፣ አባትሽ...»

«መጀመሪያ እንሰራት እማዬ» አለችኝ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። አንዱን ገመድ ሰጠችኝ። «ያንን ክንፍ አንቺ እሰሪው።»

አሰርን። እኔ የቀኙን፣ እሷ የግራውን፣ ከዚያ ጭራውን አብረን። ስንጨርስ ወደኔ ገመድ መጣችና እጇን ጨብጣ አሾለከች። እጇ አድጓል፤ ጉልጥምቷ ላይ ያዘው።

«ትንሽ ጠብቋል» አለች፤ አላላችልኝ። ደግማ ሞከረች፣ አለፈ። ከዚያ ጭራው ሥር ካለው ካስማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አሁን ንገሪኝ» አለችኝ።